ባለቤቱ ማነው? የእንግሊዝ የባርነት ካሳ መዝገብ ወደ ዳታቤዝ ሲገባ

የድሮ የንብረት ሰነድ ኮምፒውተር ውስጥ ለማስገባት የተነሳ ሰው መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል። ኤክሴል ይከፍታል። አንዱ አምድ ላይ «ንብረት» ይጽፋል፣ ቀጥሎ «ባለቤት»፣ ቀጥሎ «ዓመት»። ከዚያ መሙላት ነው። የመጀመሪያዎቹ ረድፎች ያለ ችግር ይሞላሉ። በኋላ ግን ሰነዱ ለአንድ ንብረት ሁለት ባለቤት ይጠራል። ወይም ባለቤት የተባለው ሰው ሰነዱ ከመጻፉ በፊት ሞቶ ይገኛል። ወይም ንብረቱን ባንክና ነጋዴ በመያዣ ይዘውት፣ «ባለቤቱ» ስሙ ብቻ ቀርቶታል። ያኔ ሦስቱ አምዶች አይበቁም።

ይህን ነገር እስከ ጥጉ የተጋፈጠ አንድ ፕሮጀክት አለ። የለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ2009 የጀመረው የእንግሊዝ ባሪያ አሳዳሪዎች ውርስ ጥናት ነው። ካትሪን ሆል፣ ኒክ ድሬፐርና ኪት ማክሌላንድ ከመሪዎቹ መካከል ነበሩ። የሰበሰቡት መረጃ በ2013 ለሕዝብ በኢንተርኔት ተከፈተ። ማንም ሰው ስም ጽፎ መፈለግ ይችላል፤ ክፍያ የለውም። ስለ ውጤቱ ብዙ ተወርቷል። እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን ከጀርባ ያለው የመረጃ አያያዝ ነው።

ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሁለተኛው ከበድ ይላል። እዚህ «ንብረት» ተብሎ የተመዘገበው ሰው ነው። ሕጉ ሰውን ከመሬትና ከከብት ጋር ደምሮ የሚወረስ፣ የሚሸጥ፣ በመያዣ የሚሰጥ ነገር አድርጎት ነበር። ስለ አምድና ረድፍ ስናወራ የምናወራው ስለዚህ ነው።

ገንዘቡ ያስገደደው ቆጠራ

በ1833 የእንግሊዝ ፓርላማ በአብዛኞቹ ቅኝ ግዛቶቹ ባርነትን የሚያስቀር ሕግ አወጣ። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው ኦገስት 1 ቀን 1834 ነው። አብሮት 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ተመደበ። በጊዜው የመንግሥት የዓመት ወጪ 40 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ገንዘቡ ነፃ ለወጡት 800,000 ገደማ ሰዎች አልነበረም። የተከፈለው ሰዎቹን ይዘው ለነበሩት ነው። ነፃ የወጡት አንዲት ሳንቲም አላገኙም። ይባስ ብሎ አብዛኞቹ «ተለማማጅ» የሚል ስም ተሰጥቷቸው እስከ 1838 ድረስ ለዚያው ጌታ ያለ ደመወዝ እንዲሠሩ ተደረጉ። በነገራችን ላይ፣ መንግሥት ለዚህ ካሳ ሲል የገባበት ብድር ከሌሎች ዕዳዎች ጋር ሲገላበጥ ቆይቶ ሙሉ በሙሉ ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው።

ካሳ ለመክፈል ደግሞ ማን ምን እንደያዘ ማወቅ ያስፈልጋል። መንግሥት ኮሚሽን አቋቋመ፤ በየቅኝ ግዛቱም ረዳቶች መደበ። ካሳ የሚከፈልባቸው ቅኝ ግዛቶች 19 ነበሩ። ከካሪቢያን ደሴቶች በተጨማሪ ሞሪሸስና የደቡብ አፍሪካው ኬፕ ይገኙበታል። ገንዘቡን የፈለገ ሁሉ ቅጽ ሞልቶ «ይገባኛል» አለ። ስንት ሰው እንደያዘ፣ በየትኛው የሥራ ዓይነት እንደተመደቡ፣ ስንት ሕፃንና ስንት አዛውንት እንዳሉ ዘረዘረ። ዋጋው የወጣው ከ1822 እስከ 1830 በየቅኝ ግዛቱ በነበረው የሽያጭ ዋጋ አማካይ ነው። ስለዚህ ደቡብ አሜሪካ ባለችው በእንግሊዝ ጊያና ለአንድ ሰው የተከፈለው ካሳ በአማካይ በጃማይካ ከተከፈለው ከእጥፍ በላይ ነበር።

ማንም ታሪክ ይጠናበታል ብሎ ያሰበ የለም። የሆነው ግን፣ አንድ መንግሥት በአንዲት የተወሰነች ቀን ላይ ቆሞ፣ በ19 ቦታ፣ የአንድ ዓይነት ንብረት ባለቤቶችን በሙሉ የመዘገበበት ሰነድ ተወለደ። ለመረጃ ሥራ ይህ ብርቅ ነው። ብዙውን ጊዜ የድሮ የይዞታ ሰነድ እዚህም እዚያም የተበጣጠሰ ነው። አንዱ መንደር ይኖራል፣ ሌላው የለም። አንዱ ዓመት ይኖራል፣ ቀጣዩ ተቃጥሏል። እዚህ ግን ቀኑ አንድ፣ ሕጉ አንድ፣ ቅጹም ተመሳሳይ ነው። የኮሚሽኑ ወረቀቶች ዛሬ ለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ ተቀምጠዋል። ከ40,000 በላይ የካሳ ጥያቄዎች ማለት ነው።

አቋራጭ መንገድም ነበር። ፓርላማው በ1838 የተከፈለበትን ዝርዝር አሳትሟል። የጥያቄው ቁጥር፣ የተቀባዩ ስም፣ የሰዎቹ ብዛት፣ የገንዘቡ መጠን። ያንን ገልብጦ ማስገባት ይቻላል። ግን ዝርዝሩ ገንዘቡ ለማን ተወሰነ የሚለውን እንጂ ሰውየው በምን መብት እንደጠየቀ አይናገርም። የት እንደሚኖርም አይናገርም። ለዚህ ጥናት ደግሞ የመኖሪያው ነገር ዋና ጥያቄ ነበር፤ ካሪቢያን ረግጠው የማያውቁ፣ እንግሊዝ ተቀምጠው የሚሰበስቡ ስንት ናቸው? ያንን ለማግኘት ከታተመው ዝርዝር አልፎ ወደ ወረቀቶቹ፣ ወደ ኑዛዜዎች፣ ወደ ደብዳቤዎች መውረድ ግድ ነው። ወርደው ያገኙትም 3,000 ገደማ የሚሆኑ በብሪታንያ የሚኖሩ ሰዎች ከጠቅላላው ገንዘብ ግማሽ ያህሉን መውሰዳቸውን ነው። የታተመውን ዝርዝር ብቻ ይዞ ይህ መልስ አይወጣም።

አንድ ጥያቄ፣ ብዙ ሰው

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የዳታቤዙ መሠረት ሰውም እርሻም አይደለም። የካሳ ጥያቄው ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ ገጽ አለው። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ገጽ አለው። በመካከላቸው ያለው ክር ደግሞ ሰውየው በዚያ ጥያቄ ውስጥ የነበረውን ሚና ይናገራል።

ሚናዎቹን ስታዩ «ባለቤት» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚያጭበረብር ይገባችኋል። ሙሉ ባለቤት ሆኖ ካሳ የተቀበለ አለ። በሕይወት እስካለ ብቻ የሚጠቀም፣ መሸጥ የማይችል አለ። መያዣ የያዘ አበዳሪ አለ። የሌላ ሰው ንብረት ጠባቂ የሆነ ባለአደራ አለ። ኑዛዜ አስፈጻሚ አለ። በሚስቱ መብት የጠየቀ ባል አለ። ዓመታዊ ተቆራጭ ያላት መበለት አለች። ጠይቆ የተከለከለም አለ፤ እሱም ይመዘገባል። ጥያቄ ያላቀረበ ነገር ግን ቀደም ሲል ባለቤት የነበረ ሰው እንኳ የራሱ ምድብ አለው። ሞቶ በስሙ የሚጠየቅለትም እንደዚያው።

አንድ ምሳሌ ላንሳ። ምናባዊ ነው፤ እንዲህ ያለው ግን በመዝገቡ ሞልቷል። አባት የሸንኮራ አገዳ እርሻ ከነሰዎቹ ለልጁ ይናዘዛል። ለሚስቱ ከእርሻው ገቢ በየዓመቱ የተወሰነ ገንዘብ እንዲሰጣት ያዛል። ልጁ ስኳሩን ለሚሸጥለት የለንደን ነጋዴ ብዙ ዕዳ ይገባና እርሻውን በመያዣ ይሰጣል። ከዚያ ልጁ ይሞታል፤ ሁለት ኑዛዜ አስፈጻሚዎች ይተካሉ። ኦገስት 1 ቀን 1834 ላይ ባለቤቱ ማነው? አስፈጻሚዎቹ ቅጽ ይሞላሉ። ነጋዴው «እኔም ይገባኛል» ብሎ ተቃውሞ ያስገባል። መበለቷም ጠበቃ ትልካለች። ኮሚሽኑ ያጣራል፤ ሲከብደው ገንዘቡ ፍርድ ቤት ተይዞ እንዲቆይ ያደርጋል። በመጨረሻ ነጋዴው ይወስዳል እንበል።

በሦስት አምድ ኤክሴል ላይ ይህ ታሪክ አንድ ረድፍ ነው፤ ባለቤት፦ ነጋዴው። ቤተሰቡ በሙሉ ጠፋ። መበለቷ ጠፋች። በዕዳ የተያዘ መሆኑም ጠፋ። በጥያቄና በሚና በተሠራው ዳታቤዝ ግን አንድ ጥያቄና አምስት ሰው ይኖራል፤ እያንዳንዱም ከነሚናው። ማን ነበር እውነተኛው ባለቤት የሚለውን ዳታቤዙ አይወስንም። ተመራማሪው ይወስን። ወይም አይወስን። በእኔ እምነት የፕሮጀክቱ ትልቁ ብልሃት ይህ ነው። በታሪክ ሰነድ ላይ «ባለቤትነት» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ የሆነ ሰው የሆነ ቀን ለሆነ ባለሥልጣን ያቀረበው ጥያቄ ነው። ያንን እንዳለ መመዝገብ ይቻላል። ከዚያ በላይ ያለው ትርጉም ነው፤ ትርጉም ደግሞ የራሱ ቦታ ያስፈልገዋል።

ይህ አሠራር ዋጋ ያስከፍላል። በመጀመሪያ፣ መቁጠር ያስቸግራል። አንድ ጥያቄ ከአምስት ሰው ጋር ከተያያዘና እያንዳንዱ ሰው ገጽ ላይ የጥያቄው ሙሉ ገንዘብ ከታየ፣ ሰው ሰውን እየደመሩ የሚሄዱ አንባቢዎች ያንኑ ገንዘብ አምስት ጊዜ ይደምሩታል። ከጠየቁትና ካላገኙት ጋር አብሮ ማለት ነው። ስለዚህ የገንዘብ ድምር የሚሠራው ከጥያቄው ወገን መሆን አለበት። በሰው በኩል መደመር ካስፈለገ ሚናውን አጣርቶ፣ ድርሻውንም አውቆ ነው። ድርሻው ደግሞ ሁልጊዜ አይታወቅም። ብዙ ሰው በጋራ ሲቀበል ማን ስንት እንደወሰደ ሰነዱ ዝም የሚልበት ጊዜ አለ። እንዲህ ሲሆን እኩል ማካፈል ያጓጓል። እኔ ግን ባዶ ይቀመጥ ባይ ነኝ። እኩል የተካፈለ ቁጥር አንዴ ሠንጠረዥ ውስጥ ከገባ ግምት እንደነበር የሚያስታውስ አይገኝም።

ሌላም አለ። የተፈረደለት ሰውና ገንዘቡን ሄዶ የተቀበለው ሰው ብዙ ጊዜ ይለያያሉ። ካሪቢያን ያለ ባለይዞታ ለንደን ውስጥ ወኪል አለው፤ ወኪሉ ፈርሞ ይቀበላል። የክፍያ መዝገብን ብቻ ያየ ሰው ያንን ወኪል የብዙ እርሻ ጌታ ያደርገዋል። እዚህም መፍትሔው ያው ነው፤ «የተቀበለ» የሚል ሚና መስጠትና ከባለይዞታው አለመቀላቀል።

ነገሩ በትክክል ሲሠራ ምን እንደሚያሳይ ለማየት የጆን ግላድስተንን ገጽ መክፈት ነው። የሊቨርፑል ነጋዴ፣ በኋላ አራት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው የዊልያም ግላድስተን አባት። በስሙ 2,508 በባርነት የተያዙ ሰዎች ተቆጥረው 106,769 ፓውንድ ካሳ ተከፍሎታል። ይህ ቁጥር ከአንድ ሰነድ የተገኘ አይደለም። በእንግሊዝ ጊያናና በጃማይካ የተበተኑ ጥያቄዎች ድምር ነው። ጥያቄዎቹ በአንድ ሰው ገጽ ላይ መሰብሰባቸውና የመጡበትም ቦታ አለመጥፋቱ ነው ሥራው።

ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም

ቴክኒካል የሆኑ ሁለት ጉዳዮችን ቶሎ ቶሎ ልለፍ።

አንደኛው መለያ ቁጥር ነው። ኮሚሽኑ ጥያቄዎቹን ቁጥር ሰጥቷቸዋል። ደስ ይላል፤ ዝግጁ የሆነ መለያ ተገኘ ማለት ነው። ግን ቁጥሩ በየቅኝ ግዛቱ ከአንድ ይጀምራል። ባርቤዶስም ግሬናዳም 211 ቁጥር ይኖራቸዋል። ጃማይካ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ እዚያ ቁጥሩ በየአጥቢያው (ደሴቲቱ በተከፋፈለችባቸው የአስተዳደር ክፍሎች) እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ ዳታቤዙ ውስጥ ጥያቄው የሚጠራው በቅኝ ግዛቱ፣ በጃማይካ ከሆነ በአጥቢያው ጭምር፣ ከዚያ በቁጥሩ ነው። የድሮ መዝገብ የሰጠው ቁጥር መጣል የለበትም፤ ወደ ወረቀቱ የሚመልሰው እሱ ነው። ኮምፒውተሩ የሚጠቀምበት መለያ ግን ሌላ፣ ትርጉም የሌለው፣ የማይቀየር ቁጥር ቢሆን ይሻላል።

ሁለተኛው ገንዘቡ ነው። ፓውንድ በ20 ሺሊንግ፣ ሺሊንግ በ12 ፔንስ ይመነዘር ነበር። አንድ ፓውንድ 240 ፔንስ ነው። 10 ፓውንድ ከ13 ሺሊንግ ከ7 ፔንስን በነጥብ ጻፉት ብትባሉ 10.679166 እያለ ማብቂያ አያገኝም። አንድ ቦታ ትቆርጡታላችሁ። አርባ ሺህ ጊዜ ስትቆርጡት ድምሩ ከዋናው መዝገብ ጋር አይገጥምም፤ ስህተቱ ከየት እንደመጣም አታውቁም። ሁሉንም ወደ ፔንስ ቀይሮ በሙሉ ቁጥር ማስቀመጥ፣ ለአንባቢ ሲታይ በድሮው አጻጻፍ መመለስ ቀላሉ መንገድ ነው። «ይህ ዛሬ ስንት ነው?» ለሚለው ጥያቄ ዳታቤዝ ውስጥ አምድ መክፈት ግን አልመክርም። በዕቃ ዋጋ ስታሰሉት አንድ ነገር፣ በደመወዝ ስታሰሉት ብዙ እጥፍ፣ ከአገሪቱ ሀብት አንጻር ስታሰሉት ደግሞ ሌላ ነው። ጋዜጣ ይጻፈው።

ሁለት ጆን፣ አንዲት ሜሪ

ሰዎችን መለየት ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚበላው ሥራ ነው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ስም አይበዛም። ጆን ስሚዝ፣ ዊልያም ካምቤል፣ ሜሪ ብራውን። አባትና ልጅ አንድ ዓይነት ስም ይይዛሉ፤ አጎትም እንደዚያው። ጸሐፊው ደግሞ ስሙን እንደሰማው ይጽፈዋል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ስህተት ይጠብቃል። አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ መመዝገብ፣ ሁለቱ ሰው አንድ ሆኖ መመዝገብ።

ሁለቱ ስህተቶች እኩል አይደሉም። ተለያይተው የተመዘገቡትን በኋላ ማዋሐድ ይቻላል፤ ማስረጃ ሲገኝ በአንድ ትእዛዝ ያልቃል። የተዋሐዱትን መለየት ግን ጭንቅ ነው። የትኛው ጥያቄ የማን ነበር? የትኛው አድራሻ? የትኛው ኑዛዜ? ክሩ ከተቆረጠ በኋላ እያንዳንዱን ሰነድ እንደገና መክፈት ሊያስፈልግ ነው። ስለዚህ ጥርጣሬ ካለ መለየት ይሻላል። በዚህ ፕሮጀክት ገጾች ላይ «ምናልባት ከዚህ ሰው ጋር አንድ ነው» ዓይነት ማስታወሻ በብዛት ታገኛላችሁ። ለአንባቢ ያሰለቻል ይሆናል። ለኔ ግን መተማመኛ ነው። የሚጠራጠርበትን የሚናገር መዝገብ፣ እርግጠኛ ነኝ ሲል አምነዋለሁ።

ሴቶች ለብቻቸው መነሳት አለባቸው። ከጠያቂዎቹ 40 በመቶ ገደማ ሴቶች ነበሩ። ብዙዎቹ የያዙት ጥቂት ሰው፣ አንዳንዴም አንድ ሰው ብቻ ነው። ንብረት ያላት ሴት በታሪክ ጽሑፍ ውስጥ ብዙ አትታይም፤ እዚህ በብዛት አለች፤ ያለችበት ነገር ግን የሚያኮራ አይደለም። የመረጃ ችግሯ ስሟ ነው። ስታገባ ስሟ ይቀየራል። ባሏ ሞቶ ስታገባ ዳግመኛ ይቀየራል። በ1817 በተሞላ በባርነት የተያዙ ሰዎች መዝገብ በአባቷ ስም፣ በ1834 ጥያቄ በሁለተኛ ባሏ ስም ትመጣለች። ስምን አንድ አምድ ያደረገ ዳታቤዝ እዚህ ላይ ይሸነፋል። ስም የራሱ ሠንጠረዥ ያስፈልገዋል፦ ስሙ፣ የየትኛው ጊዜ እንደሆነ፣ ከየትኛው ሰነድ እንደተገኘ። ያገባች ሴት ንብረት በሕግ በባሏ እጅ የሚገባበት ጊዜም ስለነበር፣ ጥያቄው ላይ የባል ስም ብቻ ሲታይ ንብረቱ የመጣው ከእሷ ቤተሰብ ሊሆን ይችላል። ሚናው ካልተመዘገበ ይህ አይታወቅም።

ከዚህ ሥራ ብዙውን ያቀለለው ሕዝቡ ነው። መረጃው ከተከፈተ በኋላ የቤተሰባቸውን የዘር ሐረግ የሚቆጥሩ ሰዎች እየጻፉ ማስረጃ ሰጥተዋል፤ የልደት ቀን፣ የጋብቻ ምዝገባ፣ የኑዛዜ ቅጂ። ገጾቹ ላይ ለብዙዎቹ ምስጋና ተጽፏል። ልብ በሉ፣ ሰዎቹ ራሳቸው ገብተው አላረሙም። ላኩ፤ የፕሮጀክቱ ሰው አይቶ፣ ምንጩን ጽፎ አስገባ። ሁሉም ሰው ገብቶ የሚያርመው ቢሆን ኖሮ ሥራው ይፈጥን ነበር። ግን የሰውን ቅድመ አያት ባሪያ አሳዳሪ ነበር ወይም አልነበረም በሚል መዝገብ ላይ ማንም እንዳሻው ይጻፍ ማለት ጠብ መጥራት ነው።

ከአንድ ቀን ወደ 70 ዓመት

እስካሁን ያወራነው ስለ አንዲት ቀን ነው። ኦገስት 1 ቀን 1834። ቡድኑ ግን እዚያ አልቆመም። በሁለተኛው ምዕራፍ፣ ከ2013 እስከ 2015፣ ወደ ኋላ እስከ 1763 ሄደ። አሁን መሠረቱ የካሳ ጥያቄ ሊሆን አይችልም፤ በ1780 ካሳ የጠየቀ የለም። ስለዚህ ከጥያቄውና ከሰውየው ሌላ ሦስተኛ መሠረት ተጨመረ፤ እርሻው። እያንዳንዱ እርሻ ገጽ ተከፈተለት፤ በየዓመቱ ማን እንደያዘው፣ ማን እንዳስተዳደረው ተዘረዘረ።

ምንጮቹ ከካሳው ወረቀት ይለያሉ። በየሦስት ዓመቱ የሚሞላ በባርነት የተያዙ ሰዎች መዝገብ አለ፤ ጃማይካ ላይ በ1817 ይጀምራል። የጃማይካ አልማናክ፣ ማለትም በየዓመቱ የሚታተም የመረጃ መጽሐፍ፣ አለ፤ በየአጥቢያው የባለይዞታ ስም፣ የእርሻ ስም፣ የሰውና የከብት ብዛት ጎን ለጎን ያትማል። ኑዛዜ አለ። የሽያጭ ማስታወቂያ አለ። አንዳቸውም በየዓመቱ የተሟሉ አይደሉም።

እዚህ ላይ የተሠራው ነገር ትንሽ ይመስላል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የወደድኩት እሱን ነው። አንድ እርሻ በ1811 አልማናክ ላይ በአንድ ሰው ስም ተገኘ እንበል። በ1817 መዝገብም በእሱ ስም ነው። በ1820 በሌላ ሰው ስም መጣ። ሰውየው ባለቤት የነበረው ከመቼ እስከ መቼ ነው? ችኩል ሰው «ከ1811 እስከ 1820» ይላል። ይህ ግን ሰነዱ ያላለው ነው። ምናልባት በ1795 ገዝቶት ይሆናል። ምናልባት በ1818 ሸጦት ይሆናል። ዳታቤዙ ስለዚህ አራት ዓይነት ዓመት ይለያል። በትክክል የጀመረበት የሚታወቅ ዓመት። በማስረጃ የተገኘበት የመጀመሪያ ዓመት። በማስረጃ የተገኘበት የመጨረሻ ዓመት። በትክክል ያበቃበት የሚታወቅ ዓመት። ከእያንዳንዱ ዓመት ጎን የትኛው እንደሆነ በምልክት ይታያል።

ይህ ምልክት ባይኖር ምን ይሆን ነበር? ከዓመታት በኋላ አንድ ተማሪ ይመጣና «ባለቤቶች በአማካይ ለስንት ዓመት ያዙ?» ብሎ ያሰላል። የሚያሰላው የባለቤትነቱን ርዝመት ሳይሆን የአልማናኩን የሕትመት ዓመታት ርዝመት ይሆናል። በ1817 ብዙ ባለቤት የተቀየረ ይመስለዋል፤ ምክንያቱ ግን በዚያ ዓመት አዲስ መዝገብ መጀመሩ ብቻ ነው። የምንጭ መጀመርና ማለቅ የታሪክ ለውጥ መስሎ የሚታይበት ስህተት በንብረት መረጃ ላይ የተለመደ ነው። እያንዳንዱ ዓመት የትኛው ዓይነት እንደሆነ ከተመዘገበ ግን ተማሪው ቢያንስ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል።

እርሻውም ራሱ አንድ ቦታ አይቆምም። «ጎልደን ግሮቭ» የሚባል እርሻ ጃማይካ አለ፤ ጊያናም አለ። ሁለት እርሻዎች ተጠቃለው በአንዱ ስም ይጠራሉ። አንዱ ለወንድማማቾች ይከፈልና ሁለት ስም ያወጣል። ባለቤት ሲቀየር ስም የሚቀየርም አለ። እንደ ሰው ስም ሁሉ የእርሻም ስም ከራሱ ከእርሻው ተለይቶ መቀመጥ አለበት። ካርታ ላይ ለማስቀመጥ ስትነሱ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ጥያቄ ያቀረበ ሰው ሁሉ እርሻ የለውም። ኪንግስተን ከተማ ውስጥ ምግብ የምታበስልለትን አንዲት ሴት ብቻ የያዘ ሰው ካርታ ላይ የት ይገባል? ያለ ቦታ መቀመጥ ይችል ዘንድ ዳታቤዙ መፍቀድ አለበት። ካርታን ግዴታ ያደረገ ፕሮጀክት እነዚህን ሰዎች ይጥላቸዋል፤ ከጠያቂዎቹ ደግሞ ብዙዎቹ እንደዚህ ያሉ ትንንሽ ባለይዞታዎች ናቸው።

ፕሮጀክቱ ካሳ ተቀባዮቹ በኋላ የተዉትን አሻራም በስድስት ዘርፍ ከፋፍሎ መዝግቧል፤ ንግድ፣ ፖለቲካ፣ ባህል፣ ታሪክ አጻጻፍ፣ ቅኝ ግዛት፣ ሕንፃና ቦታ። ጠቃሚ ነው፤ ግን ከካሳ ጥያቄው ጋር እኩል ክብደት ያለው መረጃ አድርጌ አላየውም። አንዱ ሰነዱ ያለው ነው። ሌላው ተመራማሪው ያየው ነው። አንድ ሰው ካሳ ተቀብሎ በኋላ የባቡር ድርጅት አክሲዮን ገዛ ማለት በካሳው ገንዘብ ገዛ ማለት አይደለም፤ አንባቢ ግን ገጹ ላይ ጎን ለጎን ሲያያቸው ያገናኛቸዋል።

የሌላው ወገን ስም

የካሳው ወረቀት ጠያቂውን በሙሉ ስሙ፣ በማዕረጉ፣ በአድራሻው ይጠራል። የተያዙት ሰዎች ግን ቁጥር ናቸው። ከገንዘቡ ቀጥሎ «250» ተብሎ ይጻፋል። ሰነዱን እንዳለ ያስገባ ዳታቤዝ ይህንኑ ይወርሳል። ስም ብትፈልጉ የሚወጣው የጌታው ስም ነው። ፕሮጀክቱ በዚህ ምክንያት ተተችቷል፤ ተመራማሪዎቹም ስለ ባለቤቶቹ የሚያጠና መሆኑን አልደበቁም። በኋላ የፕሮጀክቱ ስም «የእንግሊዝ ባሪያ አሳዳሪነት ውርስ» ከሚለው ወደ «የእንግሊዝ ባርነት ውርስ» ተቀይሯል። ስም መቀየር ይቻላል። የሠንጠረዡን አቅጣጫ መቀየር ከዚያ ይከብዳል።

ስሞቹ ግን አሉ። በየሦስት ዓመቱ የሚሞላው መዝገብ ውስጥ ናቸው። ጃማይካ በ1817 የተሞላው ስም፣ ዕድሜ፣ አፍሪካ የተወለደ ወይስ እዚያው የሚለውን ይዘረዝራል። ከዚያ በኋላ ያሉት መዝገቦች ደግሞ ለውጡን ብቻ ያሳያሉ፤ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ተሸጠ። ከ1817 ተነስቶ የሦስት ዓመቱን ለውጥ እየጨመሩና እየቀነሱ እስከ 1832 መድረስ ይቻላል። በመርህ ደረጃ፣ በ1834 ካሳ የተጠየቀባቸው 250 ሰዎች ብዙዎቹ ስም ሊወጣላቸው ይችላል።

በተግባር ግን ሥራው ጌቶቹን ከመለየት እጅግ ይከብዳል። ብዙውን ጊዜ አንድ ስም ብቻ ነው ያለው፤ የአባት ስም የለም። በአንድ እርሻ ላይ ሦስት «ቤኪ» ሊኖሩ ይችላሉ። ዕድሜው በግምት የተጻፈ ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ዓመት ብቻ ጨምራ የምትገኝ ሴት አለች። ሰውየው ሲጠመቅ አዲስ ስም ይወጣለታል፤ መዝገቡ አንዳንዴ ሁለቱንም ይጽፋል፣ አንዳንዴ አዲሱን ብቻ። ከአንድ እርሻ ወደ ሌላ ሲሸጥ ደግሞ በአንዱ ገጽ ይወጣል፣ በሌላ ገጽ፣ ምናልባትም በሌላ አጥቢያ ይገባል። ከጌታው ወገን እንደ «ባለቤት ተቀየረ» የሚታየው አንድ መስመር፣ ከዚህ ወገን ሲታይ ከቤተሰብ መለየት ነው።

እንዲህ ያለውን መረጃ በጥያቄው ገጽ ላይ «የሰዎቹ ስም» የሚል አምድ ጨምሮ መጨረስ አይቻልም። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ገጽ፣ የራሱ መለያ፣ የራሱ ማስረጃና የራሱ የዓመት ምልክት ያስፈልገዋል። ባለይዞታው የእሱ ገጽ ላይ እንደ አንድ መስመር ይመጣል፤ ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት በእንቶኔ ተይዞ። ለጌቶቹ የተሠራው ሁሉ፣ ሚናው፣ ምልክቱ፣ «ምናልባት» የሚለው ማስታወሻ፣ ለእነሱም ይሠራል። አዲስ የሚያስፈልገው ጊዜና ገንዘብ ነው። በ800,000 ሰው።